ሙጫው ጣቷ ጋ እስኪደርስ

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ከፋብሪካው በር ላይ የምንሰለፈው እኛ አጉራሾች ነበርን። አብዛኞቻችን ባሎች ነን፤ እናቶችና እህቶችም አይጠፉም። እያንዳንዳችን ምሳ ዕቃ፣ ውሃ ከነስትሮው፣ አንድ ንጹሕ ፎጣ እንይዛለን። በሩ ላይ እጃችንን ታጥበን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ነጭ ጋውን ደርበን እንገባለን። ከዚያ ሁሉም ወደየራሱ ያዥ ይሄዳል።

ባለቤቴ መሬማ ያዥ ነበረች። በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ኮምቦልቻ ውስጥ “ያዥ ናት” ሲባል ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ለማያውቅ ግን ልንገር። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ የሚሠራው ከጨርቅ ነው። ጨርቁ ረዥም ገንዳ ውስጥ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ በላዩ ላስቲክ ይለብሳል፤ አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፤ ከዚያ ሙጫ ይለቀቅበታል። ሙጫው ጨርቁን እያራሰ ይሄድና ሲረጋ ክንፍ ይሆናል። የሚያስቸግረው ጨርቁ ነው። ገንዳው ወለል ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የሚወርድበትና ክንፉ የሚጎብጥበት ቦታ ሲደርስ ግን ይንሸራተታል፣ ይጨማደዳል። በፊት በመርፌ ይወጉት ነበር፤ መርፌው ቀዳዳ ተወ። የሚረጭ ማጣበቂያም ሞከሩ፤ ማጣበቂያው ባረፈበት ሙጫው በደንብ አልያዘም፤ ከዓመታት በኋላ ክንፉ ከዚያው ቦታ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ገዢዎቹ በሰው እጅ ካልተያዘ አንቀበልም አሉ። ጨርቅ መሸሽ ሲጀምር ጣት ይሰማዋል፤ ሌላ የሚሰማው ነገር አላገኙም።

ያዦቹ በገንዳው ዳር ተደርድረው፣ ደረታቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ይቀመጣሉ። ላስቲኩ ላይ የተበየደ ጓንት አለ፤ እጃቸውን እዚያ ውስጥ ይሰዳሉ። ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ እጅጌ ያጠልቃሉ። ጨርቁን አስተካክለው ሲይዙ እጅጌው ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ክንዳቸው የገንዳው ነው። ሙጫው እስኪረጋ አይመለስላቸውም። ስለ ሽንት አልጽፍም፤ ለእሱም ልብስ ነበረው።

የአጉራሽ ሥራ ቀላል ነው። ያጎርሳል፣ ያጠጣል፣ ላብ ይጠርጋል፣ ሻሽ ያስተካክላል፣ አፍንጫ ያክካል። ከሁሉም የሚከብደው አፍንጫው ነው። ሰው የሚያሳክከውን ቦታ ለሌላ ሰው በቃል ማስረዳት ሲጀምር ወይ ይስቃል ወይ ይናደዳል። መሬማ ትስቅ ነበር። “ወደ ላይ። ወደ ላይ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው። አፍንጫ ነው፣ የሐረጎ ዳገት አይደለም፣ ምን ያደክምሃል?” ትለኛለች። አጠገቧ የምትይዘው ሰዓዳ ባሏ ስለሞተ አጉራሽ አልነበራትም፤ ስለዚህ ለመሬማ አንድ፣ ለእሷ አንድ አጎርሳለሁ። ሰዓዳ አፏ ሙሉ ሆኖም ከቀልድ አታርፍም። ሁለት ሴት እንዲህ እኩል ሲያጎርስ ያየ ቃዲ መህሬን፣ ጥሎሼን፣ ሳያስከፍለው አይለቀውም እያለች መደዳውን ታስቅ ነበር። ሳቅ ይፈቀዳል። እጅጌው ከትከሻ በታች ስለሚይዝ ሳቁ ጨርቁ ጋ አይደርስም።

በአጉራሾች መካከል ማንም ያላወጣው አንድ ልማድ ነበር። ለተቆለፈ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። በግ ቢጠፋ፣ ጎረቤት ቢጣላ፣ ቤት ቢዘረፍ፣ ማታ ነው። ቀን ላይ ለሁሉም ጥያቄ መልሱ “ደህና ነው” ነው። ያዦቹም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ “ደህና ነው” ስንላቸው ፊታችንን ያያሉ።

እጅጌው ሙጫው ሳይረጋ የሚከፈትበት አንድ መንገድ ነበር። ያዡ ራሱ ይጠይቃል። አዳራሹን የምትቆጣጠር አንዲት ድምፅ አለች፤ ለሁሉም ሰው “እርስዎ” ስለምትል እመቤት እንላታለን። ያዡ ምክንያቱን በገዛ አንደበቱ ይነግራታል፤ እሷ ትቀበላለች ወይም አትቀበልም። የልጅ ሞት ከምትቀበላቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሌላ ሰው ስለ ያዡ ሆኖ መጠየቅ አይችልም። ይህ ለሴቶቹ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው፤ ቀደም ሲል ባሎች በየምክንያቱ እየመጡ ሚስቶቻቸውን ከሥራ ያስወጡ ነበር። መሬማ ይህን ሕግ ትወደው ነበር። ሙጫው የያዡ ጣት ጋ ከደረሰ በኋላ ግን በምንም ምክንያት አይከፈትም። ሙጫው ሲመጣ በዓይን ይታያል። ነጩ ጨርቅ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ በክረምት የጭቃ ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ርጥበት ቀስ እያለ ይቀርባል።

ነጃት የስድስት ዓመት ልጃችን ነበረች። ልቧ ከልደቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ሐኪሞቹ ስታድግ ይጠነክራል ብለውን ነበር፤ እኛም እያደገች ነው እያልን ነበር። እናቷ ያዥ በምትሆንበት ቀን እናቴ ዘንድ ትውላለች። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀምጣ ሳለ ወደ አንዷ ልጅ ዘንበል አለች። ልጆቹ የተኛች መስሏቸው ለብዙ ጊዜ ሳያንቀሳቅሷት ቆዩ።

እኔ የሰማሁት ሰልፉ ላይ ነው። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ዳኛ አያ እንድሪስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከመንገዱ ማዶ ቆመው አየኋቸው። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሽማግሌ አንድ ሰው ላይ ዓይናቸውን ሲተክሉ ወሬ አያስፈልግም። ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጥኩ። አያ እንድሪስ ወደ ግራሩ ጥላ ወሰዱኝ፤ ቁጭ በል አሉኝ፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። ለእኔ እንደ ወጉ ነው የተነገረኝ። ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከበሩ በኩል ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። በዚያ ዓመት ሙቀት ጀናዛ ማሳደር በከተማው ደንብ ክልክል ነው። እናቴ ውሃ አስቀርባ መሬማን እየጠበቀች ነው አሉኝ። ሴት ልጅን እናቷ እያለች ሌላ ሰው አያጥባትም።

የአዳራሹ አለቃ ትርሲት ተጠርታ መጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ መሬማን ሥራ ያስተማረቻት እሷ ናት። ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ እያለቀሰች በፍጥነት ማውራት ጀመረች።

“እኔ ቁልፍ የለኝም፣ አባቴ፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም” አለቻቸው አያ እንድሪስን። “ራሷ ‘ልጄ ሞታለች’ ትበል። እንዳለችው ይከፈትላታል። ሙጫው አሁን ነው የተለቀቀው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ገና መግባቱ ነው። ባሏ ይመር ገብቶ ይንገራት።”

አያ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲነግሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መርዶ ሲነገር ሰውየው በገዛ ቤቱ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ይሆናል፤ ሲወድቅ የሚደግፉት፣ ፊቱን ሲቧጥጥ እጁን የሚይዙት ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

“ክንዷ ተቆልፎ ሳለ ነው የምነግራት?” አሉ። “ደንግጣ ስትወራጭ ትከሻዋ ቢወልቅስ? ደግሞስ እናት የልጇን ሞት ገና ሳታለቅስ በአፏ ትመሰክራለች? ለማን ነው የምትመሰክረው? ለግድግዳ?”

ትርሲት ሌላ መንገድ የለም አለች። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ለመሬማ ነጃትን ትንሽ አሟታል ይባል፤ እመቤትን ትጠይቅና ትውጣ፤ ቤቷ ስትደርስ ቅሬው ሁሉ ባለበት ይነገራት። ከወሎ ዳር እስከ ዳር የሞት ወሬ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ “ትንሽ አሟታል፣ ነይ” እየተባለ። ትርሲት እመቤት ሕመምን አንዳንዴ ትቀበላለች፣ አንዳንዴ አትቀበልም አለች። እኔንም ጠየቁኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ሐሳብ የነበረው ሰው በዚያ ጥላ ሥር አልነበረም።

ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። አዳራሹ እንደ ወትሮው ነበር፤ ማጉረስ፣ ማኘክ፣ ዝቅ ያለ ወሬ። ሰዓዳ ከሩቅ አየችኝና ዛሬ ከሌላ ቤት በልቶ ነው የመጣው አለች። መሬማ ሳቀች። በርጩማዬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ምሳ ዕቃውን ከፍቼ አንድ አጎረስኳት። እያኘከች ነጃት ቁርሷን በልታ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በልታለች አልኳት። እውነት ነበር።

ከዚያ ነገርኳት። ነጃትን ትንሽ አሟታል፣ እናቴ ነይ ብላለች፣ እመቤትን ጠይቂና እንሂድ አልኳት። ሰዓዳ ከወዲያ ሆና ቤቱ ብርድ ሆኖበት ነው፣ እስከ ማታ መታገሥ አቅቶት ነው አለች፤ ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። መሬማ አልሳቀችም። ምን ያህል እንዳመማት ጠየቀችኝ። ትንሽ ነው አልኳት። ቀና ብላ እመቤትን ጠራች፤ ልጄን አሟታል፣ መውጣት እፈልጋለሁ አለች።

እመቤት መልስ ለመስጠት አትዘገይም። “መሬማ፣ ጥያቄዎን ሰምተናል። ልጅዎ ከአያቷ ጋር ስለሆነች ምክንያቱ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ቀጣይ ጥያቄዎን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማቅረብ ይችላሉ። ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።”

እኔ ይህን የግማሽ ሰዓት ነገር አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ያውቁት ነበር፤ ማንም በቀላሉ የማይጠይቀው ለዚህ ነው። ትርሲት ከበሩ አጠገብ ቆማ ሳለች እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት።

ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። መሬማ አፏን አልከፈተችም። በመጀመሪያ እጄን አየች፤ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን ፎጣ።

“ላቤን ገና አልጠረግህልኝም” አለች። “ፎጣው በምን ራሰ?”

ፎጣውን አጣጠፍኩት።

“ትንሽ ነው አልክ።”

“አዎ።”

መሬማ ቅሬ ውስጥ ያደገች ሴት ናት። አባቴ የሞተ ጊዜ “ትንሽ አሟቸዋል፣ ተነስ” ብላ ከሥራ የጠራችኝ እሷ ነበረች። ለስንት ሰው ይህንኑ ቃል ተናግራለች። ፊቴን ረዥም ጊዜ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

“አያ እንድሪስ መጥተዋል?”

“መጥተዋል” አልኳት።

መርዶው ይኸው ነበር።

አልጮኸችም። የአንገቷ ጅማት ተገታተረ፤ ትከሻዋ ወደ ኋላ ሊሸሽ ሞከረ፤ ክንዷ ግን ከቦታው አልተነሣም። ሁለቱም እጆቿ ጨርቁን ልክ ባለበት ቦታ እንደያዙ ነበሩ። ቀና አለችና “ልጄ ሞታለች” አለች። እመቤት ቀጣይ ጥያቄዎን ከሃያ ስድስት ደቂቃ በኋላ ማቅረብ ይችላሉ አለቻት። መሬማ ደገመችው። እመቤትም ደገመችው፤ ደቂቃው ብቻ ቀንሶ ነበር።

ሰዓዳ ያኔ ገባት። ከዚያች ቅጽበት በፊት በቀለደችው ነገር ምን እንደተሰማት አላውቅም፤ በኋላም አልጠየቅኋትም። የመሬማ ልጅ ሞታለች፣ ክፈቺላት እያለች ወደ ጣሪያው መናገር ጀመረች። ቀጥሎ ያለችው ተቀበለቻት፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው፤ መደዳው ሁሉ። እመቤት ለእያንዳንዷ በየስሟ እየጠራች፣ ስለ ሌላ ያዥ የሚቀርብ ጥያቄ እንደማይስተናገድ በትሕትና መለሰች። ማንንም አላለፈችም።

ትርሲት ወደ ላይኛው ቢሮ ሮጠች። የፋብሪካው ባለቤቶች ያሉበት አገር ሌሊት ነበር፤ መልእክቷ እንደደረሰና ሲነጋ እንደሚታይ ተነገራት። እኔ ሙጫው የሚመጣበትን ቱቦ በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩት። የሚያልፈው ነገር በመዳፌ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ትርሲት ተመልሳ ደርሳ እጄን አስለቀቀችኝ። ሙጫው መንገድ ላይ ከቆመ ገንዳው እንደተበላሸ ይቆጠራል፤ መርማሪ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ማንም አይከፈትለትም፤ መርማሪው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አንድ ሰው በሌላ ጊዜ መጋዝ ይዞ ገብቶ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የሚስቱ ክንድ ምን እንደሆነም እናውቃለን። ስለዚህ ቱቦውን ለቅቄ ተመልሼ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ሙጫውን ማየት ጀመርን። ሌላ የምናየው ነገር አልነበረም። ጥቁረቱ ከወዲያኛው ጫፍ ተነሥቶ በሴቶቹ ጣቶች ሥር አንድ በአንድ እያለፈ ይመጣ ነበር። ቀዝቃዛ ነው፤ ሲነካቸው ያውቁታል። የተነካችው ዝም ትላለች፤ ያልተነካችው እመቤትን መለመን ትቀጥላለች። ስለዚህ ድምፁ ከሩቅ እየቀነሰ ወደ እኛ መጣ። መሬማ ግንባሯን ትራሱ ላይ ደፍታ ነበር። እንባዋ ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠርጌላት ላስቲኩንም እጠርጋለሁ። ለምን ላስቲኩን እንደጠረግሁ አላውቅም። እንደዚያ ነበር የለመድነው።

ሰዓዳ ዝም አለች። ከዚያ መሬማ ቀና ሳትል “ደረሰ” አለች።

ብዙም ሳይቆይ እመቤት ራሷ ጠራቻት። “መሬማ፣ አሁን ጥያቄዎን ማቅረብ ይችላሉ።”

መጠየቅ እንደማይጠቅም ሁላችንም እናውቃለን። መሬማ ግን ጠየቀች። “ልጄ ሞታለች” አለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ።

“ምክንያትዎ ተቀባይነት አለው” አለች እመቤት። “በደረሰብዎ ሐዘን ከልብ እናዝናለን። ሙጫው ስለደረሰ እጅጌዎ ክንፉ ሲረጋ ይከፈታል። መጽናናትን እንመኝልዎታለን።”

መደዳው ያኔ ነው ያለቀሰው። ለቅሶ በእጅ ጭምር ነው የሚለቀሰው፤ ደረት ይደቃል፣ ጭንቅላት ይያዛል፣ ሰው ከሰው ይተቃቀፋል። እነሱ የነበራቸው አንገትና አፍ ብቻ ነው። ሁሉም ጎንበስ ብለው፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ አለቀሱ። ሰዓዳ አንገቷን አስግጋ የመሬማን ትከሻ በጉንጯ ልትነካ ሞከረች፤ ትንሽ ቀራት። አጉራሾቹ የሚይዙትን አጥተው ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ቆሙ።

መሬማ ወደ እኔ ዞረች። ሂድ አለችኝ። እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ታደርግልኛለህ፣ አንተ እንኳ ድረስላት አለች። ከዚያ ነገር ማዘዝ ጀመረች፤ ድምፅዋ ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ የምሰማው ድምፅ ነበር። እናቴ ትጠባት፤ ግን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ውሃውን ያፍስስላት። ውሃው አይሙቅ፤ ነጃት ሙቅ ውሃ አትወድም። ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ያድርጉላት። ሁሉንም እሺ አልኩ።

“ፊቷን እይልኝ” አለችኝ በመጨረሻ። “ሳይሸፍኗት እይልኝ።”

ሄድኩ። ያዘዘችውን ሁሉ ለሴቶቹ ተናገርኩ፤ ውሃው ግን ሞቆ ነበር፤ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ ብል ጊዜ አልነበረም። ጨርሰው ከፈኑን ሳይቋጥሩት አስገቡኝ። አየኋት። ከአስር ሶላት በኋላ ተሸክመናት ወጣን፤ ሰው ብዙ ነበር፤ ተራዬ ሳይበቃኝ ከትከሻዬ ወሰዷት። አፈሩ ደረቅ ስለነበር ቶሎ አለቀ። አያ እንድሪስ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

ፋብሪካው ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። አጉራሽ በቀን አንዴ ነው የሚገባው፤ ትርሲት ግን በጓሮ በር አስገባችኝ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። አብዛኞቹ ሴቶች ትራሳቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መሬማ አልተኛችም። በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ።

“አየሃት?” አለችኝ።

“አየኋት።”

“እንዴት ነበረች?”

ከመቃብሩ እስከ ፋብሪካው በእግሬ ስመጣ ይህን ስትጠይቀኝ የምመልሰውን ሳስብ ነበር። “የተኛች ነበር የምትመስለው” አልኳት።

መሬማ ጥቂት አሰበች።

“አፏስ?”

“አፏ ምን?”

“ተከፍቶ ነበር?”

ሴቶቹ አገጯን በቀጭን ጨርቅ አስረው ዘግተውላት ነበር። “ተዘግቶ ነበር” አልኳት።

“ነጃት አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው” አለች መሬማ። “የተኛች አትመስልም ነበር።”

ፊቷን ወደ ገንዳው መለሰች። ፎጣውን አንሥቼ ጠበቅኩ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረም። ላስቲኩን በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ ሙጫው ገና አልረጋም።